ክፍሉ ራሱን እንዲያስተዳድር፦ የጥሩ ዜግነት ልምምድ ለስም ጠሪ መምህራንና ለክፍል አለቆች

መስከረም ላይ በየክፍሉ ግድግዳ ደንብ ይለጠፋል። ኅዳር ሲገባ ወረቀቱ አንድ ጥጉ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ ምን እንደሚል የሚያስታውስ የለም። ልጆቹ ስለከፉ አይደለም። ደንቡን የጻፈው መምህሩ ነው፣ አለቃውን የመረጠው መምህሩ ነው፣ ክፍሉን የሚጠርጉት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፣ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ተጠያቂነት ተምሮ በዚያው ክፍል ይህን የሚያይ ልጅ ምን እንደሚማር ግልጽ ነው።

ይህ መመሪያ ከ5ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ከ50 እስከ 60 ተማሪ ለሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል የተዘጋጀ ነው። ቁጥራችሁ ካነሰ ቡድኖቹን ቀንሱ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትቀያይሩ። በተለይ ምርጫውን ከደንቡ አታስቀድሙ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

በትምህርት የመጀመሪያው ሳምንት አትጀምሩ። ተማሪ ከክፍል ክፍል ይዛወራል፣ ዘግይቶ የሚመዘገብም አለ። የስም ዝርዝሩ ከረጋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

- ሦስት ባለ 50 ሉክ ደብተር፦ አንዱ ለቃለ ጉባኤ፣ አንዱ ለተራና ርክክብ፣ አንዱ ለገንዘብ
- 35 ገጽ ባዶ ወረቀት። አንዱን ገጽ ለአራት ብትቆርጡት ለ60 ተማሪ በአንድ ዙር 15 ገጽ ይበቃል። ሁለት ዙር አለ፤ አምስቱ መጠባበቂያ ነው።
- ክዳኑ የታሸገና አናቱ ላይ የተሰነጠቀ ካርቶን
- የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት መመሪያ ቅጂ

ዩኒት ሊደሩን (የክፍሎችን ሥርዓት የሚከታተለውን ኃላፊ) አነጋግራችሁ አራት ክፍለ ጊዜ አስፈቅዱ። ሳያስፈቅዱ የሌላ መምህር ክፍለ ጊዜ መውሰድ ሥራውን ገና ሳይጀመር በቅያሜ ያስጀምረዋል። የትምህርት ቤቱን መመሪያም ቀድማችሁ አንብቡት፤ የክፍል ደንብ ከእሱ ጋር ከተጋጨ በመጀመሪያው ጥፋት ይፈርሳል።

## ደረጃ 1፦ ያለውን ቁጠሩ

1. አራት ተማሪ መድቡ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት።
2. ዴስክ፣ ወንበር፣ የመስኮት መስታወት፣ አምፖል፣ የበር ቁልፍ፣ ሰሌዳና ዱስተር ይቁጠሩ። የተሰበረውን ለይተው ይጻፉ፤ «ዴስክ 20፣ ከእነዚህ 3 መቀመጫቸው የተነቀለ» ይባል እንጂ «ዴስክ አለ» አይባል።
3. ቆጣሪዎቹና ስም ጠሪው ይፈርሙ። በፈረቃ የምትማሩ ከሆነ የሌላው ፈረቃ ስም ጠሪም ይፈርም።

ቆጠራው ከተዘለለ ሰኔ ላይ «ስንገባም ተሰብሮ ነበር» የሚለውን ማንም ሊያረጋግጠው ወይም ሊያስተባብለው አይችልም። በፈረቃ ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ ስባሪ «የእነሱ» ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ ደንቡን አውጡ

አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

1. ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ስም አይጻፍበት።
2. ሁለት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ «በዚህ ክፍል ትምህርትህን የሚያደናቅፈው ምንድን ነው?» እና «ምን ቢሆን ይሻላል?» አምስት ደቂቃ ስጡ።
3. ወረቀቱን በካርቶኑ ሰብስቡ። ሁለት ተማሪ እያነበበ አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። የተደጋገመው ላይ መስመር እየጨመረ ይሂድ። የሰው ስም የተጠቀሰበት ወረቀት ሲያጋጥም ስሙ አይነበብ፤ ድርጊቱ ብቻ ይነበብ። ስለዚህ አንባቢዎቹን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።
4. ብዙ መስመር ያገኙትን ከአምስት እስከ ሰባት ምረጡ። ከሰባት በላይ የሆነ ደንብ በቃል አይያዝም።
5. እያንዳንዱን በሚታይ ድርጊት አስቀምጡ። «መከባበር አለብን» ደንብ አይሆንም፤ መጣሱን ማየት አይቻልምና። «ሌላው ሲናገር አናቋርጥም» ይሆናል። «ማንንም በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በአካል ጉዳቱ ወይም በአነጋገሩ ስም አናወጣለትም» ይሆናል።
6. ከእያንዳንዱ ጎን ሲጣስ ምን እንደሚደረግ ጻፉ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ከመምህር ይልቅ ጨካኝ ይሆናሉ። «አምስት ቀን ይታገድ»፣ «ይንበርከክ» የሚል ሐሳብ ይጎርፋል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ እንዲሆን አድርጉ፤ ያቆሸሸ ያጸዳል፣ የሰበረ ለመጠገን ይረዳል፣ የሰደበ የሰደበውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል።
7. እያንዳንዱን ነጥብ በእጅ ማውጣት አስወስኑ። ተቃዋሚ ካለ ምክንያቱን ስሙ፣ አስፈላጊ ከሆነ ቃሉን አስተካክሉ።
8. በእጅ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ሁሉም ይፈርምበት። የቀረ ተማሪ በተመለሰ ቀን አንብቦ ይፈርም።

ለድምፅ የማይቀርቡ ነገሮች። የአካል ቅጣት አንዱ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ክፍሉ በሙሉ ድምፅ ቢደግፈውም ማንበርከክ፣ መቆንጠጥና አርጩሜ ደንብ ውስጥ አይገቡም። ሁለተኛው ኩረጃ ነው። «እንረዳዳ» በሚል ስም የጋራ ስምምነት ለማድረግ የሚሞክር ክፍል ብዙ ነው። መፍትሔው ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት የሚያውቀው ለማያውቀው የሚያስረዳበት አንድ ሰዓት መመደብ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ለዓመታት ያስኮረጀው ጓደኛ ከጎን እንደማይቀመጥ ተማሪዎቹ ያውቁታል፤ እሱን ማንሳት ከስብከት ይበልጥ ይሠራል።

ካልተሳካ፦ ወረቀቱ ቀልድ ብቻ ሆኖ ከተመለሰ አትቆጡ። ቀልዱን ለይታችሁ ከቀረው ቀጥሉ፤ ከ60 ወረቀት 20 ቁም ነገር ካለው በቂ ነው።

## ደረጃ 3፦ ምርጫ

በተለመደው አሠራር መምህሩ አንደኛ የወጣውን ወይም ቁመቱ ረዘም ያለውን ይሾማል። አንደኛ የወጣው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ጎበዝ አስተባባሪ መሆኑን ግን ካርዱ አይነግረንም።

1. መጀመሪያ ሥራውን ዘርዝሩ፣ ከዚያ ሰው ጠቁሙ። የአለቃ ሥራ፦ ተራ ማስጠበቅ፣ ስብሰባ መምራት፣ የክፍሉን ጥያቄ ለስም ጠሪው ማድረስ። መቅጣትና መማታት የለበትም።
2. አምስት ሥራ ይኑር፦ አለቃ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጽዳት አስተባባሪ። ከአለቃና ከምክትል አንዷ ሴት እንድትሆን ከጥቆማው በፊት ወስኑ። ከቆጠራ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ውጤት እንደ መሻር ይታያል።
3. ለእያንዳንዱ ሥራ እስከ አራት እጩ ተቀበሉ። እጩው «እሺ» ካላለ አይያዝ።
4. ለአለቃነት የተወዳደሩት አንድ አንድ ደቂቃ ይናገሩ። በእጃቸው የሌለ ነገር ቃል መግባት ይከልከል፤ የፈተና ቀን ማስቀየር የአለቃ ሥልጣን አይደለም።
5. እጩዎቹን በቁጥር ሰይሙ። መራጩ ቁጥሩን ብቻ ይጻፍ፤ የእጅ ጽሑፍ እንዳይለይ ይረዳል።
6. እየተነሡ ካርቶኑ ውስጥ ይክተቱ። ለዕለቱ የተመደበ ጸሐፊ የመራጩን ብዛት ይቁጠር።
7. እጩ ያልሆኑ ሁለት ተማሪዎች ይቁጠሩ። አንዱ ወረቀቱን አንብቦ ለሁሉም ያሳይ፤ ሌላው ሰሌዳ ላይ በአምስት በአምስት መስመር ያስምር።
8. ውጤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ቆጣሪዎቹ ይፈርሙ።

የአለቃውን በወረቀት አድርጉ፤ ሰዓት ካጠረ የቀሩትን አራቱን በእጅ ማውጣት መጨረስ ይቻላል።

ችግር ሲገጥም፦ ወረቀቱ ከመራጩ ከበለጠ አትከራከሩ፣ እንደገና አስመርጡ። እኩል ከመጣ በሁለቱ መካከል ብቻ ድጋሚ ምርጫ ይደረግ። የአንድ ሰፈር ልጆች ተመካክረው ከመረጡ ልትከለክሉ አትችሉም፤ ነገር ግን አምስቱ ሥራ ለተለያየ ሰው መሆኑ ኃይሉን ይበትነዋል። የሥራ ዘመኑ አንድ ሴሚስተር ነው። ከክፍሉ ሲሶው ከፈረመ በመሐል የመተማመኛ ድምፅ ይሰጥ፤ ከግማሽ በላይ ካልደገፈው ይውረድ።

የረባሽ ስም ዝርዝርን ተዉት። መምህር በሌለበት አለቃው ሰሌዳ ላይ ስም የሚጽፍበት ልማድ የጉቦ መጀመሪያ ነው። እስክሪብቶ የሰጠ ስሙ ይጠፋል፣ የተጣላ ስሙ ይጨመራል፤ ከትምህርት በኋላም አለቃው መንገድ ላይ ይጠበቃል። በምትኩ መምህር ከአምስት ደቂቃ በላይ ከዘገየ አለቃው ለዩኒት ሊደሩ ይንገር፣ ክፍሉም ቀድሞ የተመደበለትን መልመጃ ይሥራ።

## ደረጃ 4፦ የጽዳት ተራ

የክፍል ዜግነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አትዝለሉ።

60 ተማሪን በአሥር ቡድን፣ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ክፈሉ። በቀን አንድ ቡድን ከሆነ እያንዳንዱ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ቡድኑን በስም ፊደል ተራ መድቡ፤ ጓደኛ ከጓደኛ ከተመረጠ ማንም የማይፈልጋቸው ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ ይቀራሉ። በየቡድኑ ወንድም ሴትም ይኑር፣ መጥረጊያውም በየተራ ይዙር። ወንዶቹ ውኃ ቀድተው ሲሄዱ ሴቶቹ ሲጠርጉ የሚቀሩበት ክፍፍል ሳይታወቅ ይመለሳልና ተራ ደብተሩ ላይ ከስም ጎን የሥራው ዓይነት ይጻፍ።

ቅደም ተከተሉ (15 ደቂቃ)፦

1. መስኮትና በር ይከፈት።
2. ሰሌዳው ይጥፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ዱስተሩ ውጭ ይራገፍ። ይህ ከመጥረግ በፊት ይሁን፤ የጠመኔው ብናኝ ወለል ላይ ያርፋል።
3. ዴስኮቹ ወደ አንድ ወገን ይገፉ።
4. ለሲሚንቶ ወለል ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውኃ በእጅ ይርከፍከፍ። ካነሰ አቧራው ይነሣል፣ ከበዛ ጭቃ ይሆናል። የአፈር ወለል ከሆነ ትንሽ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ጠብቁ።
5. ከኋላ ወደ በሩ ይጠረግ። ዴስኮቹ ተመልሰው ሌላው ወገን ይጠረግ።
6. ዴስኮቹ በጨርቅ ይወልወሉ፤ ቆሻሻው ወደ ትምህርት ቤቱ ማጠራቀሚያ ይወሰድ።
7. መስኮት ይዘጋ፣ ደብተሩ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ይፈረም።

አስም ያለበትን ተማሪ ከመጥረግና ከዱስተር አውጡት፤ ውኃ መቅዳት ወይም ደብተር መያዝ ይችላል። የአካል ጉዳት ያለበትን ሙሉ በሙሉ ነፃ አታድርጉት፣ የሚችለውን ጠይቁት። ነፃ መሆን ብዙ ጊዜ ከክፍሉ መገለል ሆኖ ይሰማል።

የከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ ጽዳቱን ለመጨረሻ አታቆዩት። ሲጨልም ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ተራዋን ብትተው ጥፋቷ አይደለም። የመጨረሻው መምህር ከፈቀደ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሥሩ፣ ካልሆነ በእረፍት።

ርክክብ በፈረቃ ክፍል፦ የሚወጣው ቡድን ተወካይና የሚገባው ክፍል ተወካይ በር ላይ ተገናኝተው ይፈርሙ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሌላው ፈረቃ እምቢ ካለ በአለቃ ደረጃ አትጨቃጨቁ፤ ሁለቱ ስም ጠሪዎች ይነጋገሩ።

ተረኛ ቢቀር፦ ታሞ ከሆነ ከሚቀጥለው ቡድን ጋር ይሥራ። አውቆ ከቀረ የሚቀጥሉትን ሁለት ተራዎች ይሥራ። ከዚያ በላይ አታብዙ። ጽዳትን፣ በተለይ የመጸዳጃ ቤትን፣ ለሌላ ጥፋት ቅጣት አታድርጉ። ዛሬ ቅጣት የሆነ ሥራ ነገ «ተራህ ነው» ሲባል ውርደት ይመስላል፤ ብዙ ክፍሎች ተራቸውን የሚያጡት በዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ሳምንታዊ ስብሰባ

አርብ፣ 20 ደቂቃ። ስም ጠሪው ከኋላ ይቀመጥ። ቅደም ተከተሉ፦ ያለፈው ሳምንት ውሳኔ ተፈጸመ ወይ (3 ደቂቃ)፣ የጽዳትና የገንዘብ ሪፖርት (4 ደቂቃ)፣ አዲስ ጉዳይ፣ ቢበዛ ሁለት (10 ደቂቃ)፣ ማን ምን እስከ መቼ ይሠራል (3 ደቂቃ)።

ሰው በስም የሚከሰስበት ጉዳይ በዚህ ስብሰባ አይነሣ። ግለ ሂስ የሚመስል ክርክር ከተጀመረ ስብሰባው መወነጃጀያ ይሆናል፤ ሁለተኛ ሳምንት የሚናገር አይገኝም። ሁሌ ያው አራት ልጆች ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ከውይይቱ በፊት ከጎን ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ እንዲመካከሩ አድርጉና ከኋላ ወንበር ጀምራችሁ ጠይቁ።

ቃለ ጉባኤው ቀን፣ የተገኘ ብዛት፣ ውሳኔ፣ ፈጻሚና ቀነ ገደብ ይበቃዋል።

## ደረጃ 6፦ ጥፋት ሲፈጸም

ለቀላል ጥፋት፦ መጀመሪያ አለቃው ለብቻው ያሳስበው። ሲደገም ደንቡ ላይ የተጻፈው ይፈጸም። ሦስተኛ ጊዜ ለስም ጠሪው ይነገር። ወላጅ የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው። «ወላጅ ካላመጣህ አትግባ» ከማለት ግን ተጠንቀቁ፤ እናቱ ቀን ሥራ ላይ የዋለች ልጅ ሦስት ቀን ውጭ ሊቀር ይችላል፣ ፈርቶ ሰፈር ውስጥ የተከራየ «አጎት» ይዞ የሚመጣም አለ። ልጁ እየተማረ ወላጅ በደብዳቤ ወይም በስልክ ይጠራ።

ዕቃ ሲጠፋ፦

1. አለቃው ቦርሳ አይፈትሽ። ፍተሻ ካስፈለገ የአስተዳደሩ ሥራ ነው።
2. ምን፣ መቼ፣ የት እንደጠፋ ለክፍሉ ይነገር። ማንም አይጠርጠር።
3. እስከ ማግስቱ ጠዋት ስም ሳይጠየቅ የሚመለስበት ቦታ ይመደብ፤ ለምሳሌ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ያለ ካርቶን።
4. ካልተመለሰ ለአስተዳደሩ ይተላለፍ።

ድብደባ፣ ስለት፣ አደንዛዥ ዕፅና ጾታዊ ትንኮሳ የክፍል ጉዳዮች አይደሉም። በስብሰባ አይታዩም፣ በሽምግልናም አይሸፈኑም፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪዋ ይነገራሉ። የነገረውን ልጅ ስም ክፍል ውስጥ አታውጡ።

## ደረጃ 7፦ መዋጮ

ጠመኔ ወይም መጥረጊያ ሲያልቅ መጀመሪያ በስም ጠሪው በኩል ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ጠይቁ። «የለም» ከተባለ ብቻ ስለ መዋጮ ተነጋገሩ። መዋጮው በፈቃድ ነው፤ ያልከፈለ ስም አይነበብ፣ ሰሌዳ ላይም አይጻፍ። ቤቱ ዳቦ ያልተገዛለት ልጅ ለመጥረጊያ ተብሎ መቅረት የለበትም። የሰበሰባችሁትን በዚያው ቀን ግዙበት፤ ገንዘብ ተማሪ ቤት አይደር። ሁለት ሰው አብሮ ይግዛ። ደረሰኙ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፤ ደረሰኝ የሌለው ሱቅ ከሆነ ዕቃውና ዋጋው ተጽፎ ሁለቱ ገዢዎች ይፈርሙበት።

## ደረጃ 8፦ ጥያቄን ወደ ላይ ማድረስ

መጮህና ሰልፍ ላይ ማጉረምረም ለሚኒ ሚዲያ ወሬ ይሆናል እንጂ ቧንቧ አያስጠግንም። መንገዱ፦ ስም ጠሪ፣ ዩኒት ሊደር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ ከዚያ የወላጅ መምህር ኅብረት ነው። አንዱን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወደዘለላችሁት ትመለሳላችሁ።

በአንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ አንሡ። ለናሙና፦

> ቀን ……
> ለ…… ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር
> ጉዳዩ፦ የውኃ ቧንቧ እንዲጠገንልን ስለመጠየቅ
> እኛ የ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪዎች የምንጠቀምበት ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቧንቧ ከ…… ቀን ጀምሮ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ተረኞች ውኃ ለመቅዳት ከግቢ ስለሚወጡ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል። ቧንቧው እንዲጠገን፣ እስከዚያው ከመምህራን መኝታ በኩል ካለው ቧንቧ እንድንቀዳ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
> የክፍሉ አለቃ ፊርማ …… የጸሐፊ ፊርማ ……

ችግሩ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ጉዳት አደረሰ፣ ምን ይደረግልን የሚሉት ሦስቱ ካልተሟሉ መልስ አይጠበቅም። በጊዜያዊነት የሚሠራ መፍትሔ መጨመር አስተዳደሩ በዚያው ቀን «እሺ» የሚልበት ነገር ይሰጠዋል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርምላችሁና ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡት። በአምስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ አለቃና ጸሐፊ ብቻ ሄደው ይጠይቁ። በአሥረኛው ቀን የተፈረመበትን ቅጂ አያይዛችሁ ወደሚቀጥለው ቢሮ አስገቡ።

## ሴሚስተሩ ሲያልቅ

ከፈተናው ሳምንት በፊት የደረጃ 1ን ቆጠራ ድገሙ። የጎደለው ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር ይመሳከር። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ለክፍሉ ያንብብ፤ ቀሪ ካለ ምን እንደሚገዛበት ክፍሉ ይወስን። አዲሱ ምርጫ ሁለተኛው ሴሚስተር በተጀመረ በመጀመሪያው አርብ ይሁን። የቀድሞው አለቃ ሦስቱን ደብተርና ያልተመለሱ ማመልከቻዎችን በፊርማ ያስረክብ። በድጋሚ መወዳደር ይችላል፤ ይሁንና አንዴም ያልሠራ ተማሪ ለጥቆማ ከተገኘ ቅድሚያውን ለእሱ ስጡ።